ከኢስሊ እስከ ኮረም፦ የፎቶ አንሺው መሐመድ አሚን የሥራ ሕይወት



በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ የአንድ የካሜራ ሰው ታሪክ ነው። ይህን ርዕስ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የተማሪዎቻችን ጥያቄ ነው። ሰርግና ልደት በስልካቸው እየቀረጹ ኪሳቸውን መደጎም የጀመሩ ልጆች አሉን፤ «መምህር፣ የማንም ቅጥር ሳይሆኑ ፎቶ እያነሱ መኖር ይቻላል ወይ?» ይሉናል። ሁለተኛው የእናቶች ጥያቄ ነው። እንግዶች ካሜራ አንግተው በየብሎኩ ባለፉ ቁጥር «እነዚህ ሰዎች መልካችንን የት ነው የሚወስዱት? ምን ሊያደርጉበት ነው?» ሲሉ እንሰማለን። ሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ይገባቸዋል። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና መልሱን በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ እንፈልገው። ሰውየው የሩቅ አገር ሰው አይደለም፤ የናይሮቢ ልጅ ነው። በአገራችን ታሪክ ውስጥ ያለው ድርሻም ቀላል አይደለም። ስሙ መሐመድ አሚን ነው።

ፍሪላንስ ማለት ምን ማለት ነው?

በመጀመሪያ ቃሉን እናፍታታው። ፍሪላንስ የሚባለው ፎቶ አንሺ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚከፍለው አለቃ የሌለው ነው። ዜና ሲኖር ይሠራል፣ ዜና ሲጠፋ ይቀመጣል። ካሜራውን፣ ፊልሙን፣ የመኪናና የአውሮፕላን ትኬቱን ብዙ ጊዜ ከኪሱ ይችላል። ያነሳውን ለጋዜጣ፣ ለቴሌቪዥን ወይም ለዜና ወኪል ያቀርባል፤ ከወደዱለት በፎቶው ልክ ይከፍሉታል፣ ካልወደዱለት ድካሙ ውኃ በላው ማለት ነው። ቢታመም ሐኪም ቤት የሚያስገባው፣ ቢሞት ልጆቹን የሚጦርለት መሥሪያ ቤት የለውም። ባጭሩ፣ ገበያ ላይ ቆሞ ሥራ የሚጠብቅ የቀን ሠራተኛ ማለት ነው፤ ልዩነቱ አካፋ ሳይሆን ካሜራ መያዙ ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ይገባበታል? ሁለት ጥቅም ስላለው ነው። አንዱ ነፃነት ነው፤ የሚሄድበትን ራሱ ይመርጣል። ሌላው ደግሞ ያነሳው ነገር የራሱ ንብረት ሆኖ ሊቀር መቻሉ ነው። ኔጋቲቩን በሥርዓት ያስቀመጠ ሰው አንዱን ፎቶ ዛሬም፣ ከሃያ ዓመት በኋላም ይሸጠዋል። መሐመድ አሚን ይህንን ገና በልጅነቱ የተረዳ ሰው ነበር።

የኢስሊው ልጅ

መሐመድ አሚን እ.ኤ.አ. በ1943 ናይሮቢ ውስጥ ኢስሊ ሠፈር ተወለደ። ኢስሊን የማያውቅ ሐበሻ ስደተኛ በኬንያ የለም። ያን ጊዜ ግን ብዙ የሕንድ ዝርያ ያላቸው ቤተሰቦች የሚኖሩበት ሠፈር ነበር። ወላጆቹ ከፑንጃብ የመጡ ሲሆን አባቱ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። ሀብታም ቤት አልነበረም። በኋላም ቤተሰቡ ወደ ታንጋኒካ፣ ማለትም ወደ ዛሬይቱ ታንዛኒያ ተዛወረ።

ልጁ ገና ተማሪ ሳለ አሮጌ ቦክስ ብራውኒ ካሜራ ገዛ። ይህች ካሜራ እንደ ስሟ ሳጥን የምትመስል፣ ልጅም ሊይዛት የሚችል ርካሽ ዕቃ ነበረች። እሱ ግን እንደ መጫወቻ አላያትም። የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የመኪና ውድድርን እያነሳ ለጋዜጦች ማቅረብ ጀመረ። ሃያ ዓመት ሲሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ዳሬሰላም ላይ ካሜራፒክስ የሚባል የራሱን ድርጅት አቋቋመ። ድርጅት ይባል እንጂ መነሻው አንድ ወጣትና ካሜራው ነበሩ።

እዚህ ላይ ልጆቻችን ልብ እንዲሉት የምንፈልገው ነገር አለ። መሐመድ ፎቶ ብቻ አላነሳም፤ ፎቶና ተንቀሳቃሽ ፊልም ጎን ለጎን ይሠራ ነበር። አንዱን ክስተት በፎቶ ለጋዜጣ፣ በፊልም ለቴሌቪዥን ይሸጣል። አንድ ጉዞ፣ ሁለት ገበያ! ያለ ደመወዝ የሚሠራ ሰው መላ ካልዘየደ አይዘልቅም።

ዛንዚባርና እስር ቤቱ

ድርጅቱን ባቋቋመ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ በጥር 1964 እ.ኤ.አ.፣ ዛንዚባር ላይ አብዮት ፈነዳ፤ ሱልጣኑም ከዙፋናቸው ወረዱ። መሐመድ ባሕሩን ተሻግሮ ያን ቀረጸ። በዚያው ወር የታንጋኒካ ወታደሮች ሲያምፁም እዚያው ነበር። ከሩቅ አገር የሚላክ ጋዜጠኛ ቲኬት ቆርጦ እስኪደርስ እሱ ሥራውን ጨርሶ ፊልሙን ልኳል። የአገሬው ልጅ መሆን፣ ስዋሂሊ መናገር፣ መንገዱንና ሰዉን ማወቅ፣ ይኼ ሁሉ በገንዘብ የማይገዛ መሣሪያ ነበር።

ካሜራ ግን ወዳጅ ብቻ አታፈራም። እ.ኤ.አ. በ1966 እዚያው ዛንዚባር ላይ ተይዞ 28 ቀን ታሰረ፤ በእስር ላይም ብዙ ተሠቃየ። ከተፈታ በኋላ ከታንዛኒያ ወጥቶ ወደ ተወለደባት ናይሮቢ ተመለሰ። ሥራውን ከዜሮ ጀመረ ማለት ይቻላል። አገር ለቆ በባዶ እጅ መጀመር ምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ናይሮቢ ላይ ስሙ የገነነው በአሳዛኝ ቀን ነው። ሐምሌ 5 ቀን 1969 እ.ኤ.አ. የኬንያው ሚኒስትር ቶም ምቦያ በከተማው መሐል በጥይት ተመቱ። መሐመድ ፈጥኖ ደርሶ ያንን ሰዓት ቀረጸ። በዚያ ሥራው በእንግሊዝ አገር የዓመቱ የቴሌቪዥን ካሜራማን ተብሎ ተሸለመ። ከዚያ ወዲያ ቪዝኒውስ የተባለው የቴሌቪዥን ዜና ወኪል የአፍሪካን ሥራ በእሱ በኩል ያሠራ ጀመር፤ ይኸው ድርጅት ነው በኋላ ሮይተርስ ቴሌቪዥን የሆነው። መሐመድ ግን ካሜራፒክስን አልዘጋም። በአንድ እጁ የዜና ወኪሉን፣ በሌላው የራሱን ቤት ይዞ ቀጠለ።

ሁሉም ሥራው ጥይትና ደም አልነበረም። ስለ መካ ሐጅ ያሳተመው የፎቶ መጽሐፍ (1978 እ.ኤ.አ.) በብዙ አገር ተነቧል። ስለ ኬንያ ተፈጥሮና ሕዝብ ትላልቅ መጻሕፍት አሳትሟል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኞች የሚያነቡት «ሰላምታ» መጽሔትም በካሜራፒክስ ይዘጋጅ ነበር። ዜና በጠፋበት ወር ቤቱን የሚያቆመው ይህን የመሰለው ሥራ ነው።

ኮረም፣ ጥቅምት 1977

አሁን ወደ ራሳችን ታሪክ እንግባ። በመካከላችን ከወሎና ከትግራይ የመጡ፣ የሰባ ሰባቱን ዘመን በዓይናቸው ያዩ አባቶችና እናቶች አሉ። እኛ የምንጽፈው እነሱን ለማስተማር አይደለም፤ ልጆቻቸው እንዲያውቁት ነው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እናስታውስ። በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረሃብ ተደብቆ ሳለ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ሠርቶ ለዓለም አሳየ። መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር እያፈራረቀ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ደርግ የምስልን ኃይል ጠንቅቆ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ያው ደርግ ግን ከአሥር ዓመት በኋላ ተራው ሲደርስበት ምን አደረገ? በመስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ ወደ ሰሜን መሄድ የሚፈልግ ጋዜጠኛ ፈቃድ ማግኘት ጭንቅ ነበር።

በጥቅምት ወር መሐመድ አሚን ከቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ ጋር ወደ መቀሌና ወደ ኮረም ለመሄድ ፈቃዱ ተገኘ። ለዚህ የመሐመድ የዓመታት ትውውቅና አለመታከት ትልቅ ድርሻ ነበረው። ኮረም ሲደርሱ ያዩትን ዓለም ሁሉ አይቶታል፦ በማለዳ ብርድ ሜዳው ላይ በጋቢና በቡትቶ ተጠቅልሎ የተኛ ሕዝብ፣ ሌሊት ያለፉትን አስከሬን የሚገንዙ ቤተሰቦች። በየሃያ ደቂቃው አንድ ሰው እንደሚሞት በዘገባው ላይ ተነግሯል። መቀሌ ላይ ደግሞ ክሌር በርቺንገር የተባለች የቀይ መስቀል ነርስ ነበረች። ያላት ምግብ ለሁሉም ስለማይበቃ ከብዙ መቶ ሕፃናት መካከል የሚመገቡትን ጥቂቶች እየለየች ምልክት ታደርግባቸው ነበር። ያ ምርጫ ስንት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ እንደነሳት በኋላ ራሷ ጽፋለች።

ፊልሙ በናይሮቢ በኩል ለንደን ገባ፤ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. (23 ኦክቶበር 1984 እ.ኤ.አ.) በቢቢሲ ተላለፈ። ርዝመቱ ሰባት ደቂቃ ያህል ነው። ከዚያ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች እንደተቀባበሉትና በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው እንዳየው ይነገራል። ካዩት አንዱ አየርላንዳዊው ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ ነበር። በኅዳር የእንግሊዝ ዘፋኞች፣ ጥቂት ቆይቶም የአሜሪካ ዘፋኞች ተሰባስበው ዘፈን አወጡ፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 13 ቀን 1985 ደግሞ ላይቭ ኤድ የተባለው ኮንሰርት በለንደንና በፊላደልፊያ ተካሄደ። ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ። እህል የጫኑ መርከቦችና አውሮፕላኖችም ወደ አገራችን ጎረፉ።

እንግዲህ ተመልከቱ። እህሉ በዓለም ጎተራ ውስጥ ከዚያ በፊትም ነበረ። የእርዳታ ኮሚሽኑም አስቀድሞ ደጋግሞ ጥሪ አሰምቷል። የጎደለው ማየት ነበር።

ካሜራው ያላሳየው

ይሁን እንጂ መምህር ነንና ሌላውን ገጽም መግለጥ አለብን። ፊልሙ ረሃቡን አሳየ፤ ረሃቡ ከየት እንደመጣ ግን በሰባት ደቂቃ አልተናገረም። ብዙ የውጭ ተመልካች ዝናብ ጠፍቶ ብቻ ይመስለው ነበር። ድርቁ እውነት ነው፤ ግን በዚያው ምድር ላይ ጦርነት ነበር፤ ገበያና መንገድ ተዘግቶ ነበር። ከዚያ በኋላም 600,000 ያህል ሕዝብ፣ ብዙው በግድ፣ ለሠፈራ ወደ ደቡብና ምዕራብ ተጓጓዘ። ይህን የተቃወመው የፈረንሳይ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በ1985 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከአገር ተባረረ። ይህ ሁሉ በአንድ ፎቶ ላይ አይታይም። ለዚህ ነው ከፎቶ ሥር የሚጻፈው ቃል ከፎቶው እኩል ዋጋ ያለው።

ሌላም አለ። በዚያ ፊልም ላይ የታዩትን ፊቶች ሚሊዮኖች ያስታውሷቸዋል። የስንቶቹን ስም ግን እናውቃለን? የጋዜጠኞቹ ስም ተጽፏል፤ የዘፋኞቹም ተጽፏል። ያቺ ልጇን በነጠላ የሸፈነች እናት ግን «ኢትዮጵያዊት እናት» ብቻ ተብላ ቀረች። እኛ ይህን የምንለው መሐመድ አሚንን ለመክሰስ አይደለም፤ ከዚያ ፊልም የተነሳ በሕይወት የተረፈ ብዙ ሰው አለ። ነገር ግን ሰው ስም አለው። ስሙ ሲጠየቅ ሰውነቱ ይከበራል።

አንድ እጅ

ግንቦት 20 ቀን 1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። መሐመድም እዚያው ነበር። ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 27 ሌሊት፣ በከተማው የነበረ የጥይት ማከማቻ ፈነዳ። መሐመድና ባልደረቦቹ ሊቀርጹ ሄዱ። ሌላ ፍንዳታ ደረሰባቸው። አብሮት የነበረው ኬንያዊው የድምፅ ባለሙያ ጆን ማታይ ሞተ፤ መሐመድ ግራ እጁን አጣ። በእሳቱ ያለቁትና የተጎዱት የሠፈሩ ነዋሪዎችም ብዙ ነበሩ።

የካሜራ ሰው ያለ እጅ ምን ይሆናል? ብዙዎች አበቃለት አሉ። እሱ ግን አሜሪካ ሄዶ ሰው ሠራሽ እጅ አስገጠመና በወራት ውስጥ ካሜራውን ተሸክሞ ተመለሰ። በካምፓችን ውስጥ በጦርነት አካላቸውን ያጡ ወንድሞችና እህቶች አሉ፤ ይህቺን አንቀጽ በተለይ ለእነሱ አስበን ጽፈናል።

የመጨረሻው በረራ

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. (23 ኖቬምበር 1996 እ.ኤ.አ.) መሐመድ ከሥራ ባልደረባው ከጸሐፊው ብራያን ቴትሊ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ለመመለስ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 961 ተሳፈረ። ሦስት ሰዎች አውሮፕላኑን ጠልፈው ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ቢያስረዷቸውም አልሰሙም። ነዳጁ አለቀና አውሮፕላኑ በኮሞሮስ ደሴት ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50ው ተረፉ። የሕይወት ጃኬታቸውን ውስጥ ሆነው በአየር በመሙላታቸው መውጣት አቅቷቸው የሰጠሙ እንደነበሩም ታውቋል።

የተረፉት እንደተናገሩት መሐመድ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ቆሞ ከጠላፊዎቹ ጋር ይነጋገር፣ ይሟገት ነበር። ዕድሜው 53 ነበር። ልጁ ሳሊም አሚን ካሜራፒክስን ተረክቦ የአባቱን ማኅደር ጠብቆ አቆየ፤ ስለ አባቱም ፊልም ሠርቷል። በማኅደሩ ያሉት ፎቶዎች በሚሊዮን ይቆጠራሉ። ዛሬ የአፍሪካን የነፃነት ዘመን የሚያጠና ሁሉ እዚያ ቤት ማንኳኳቱ አይቀርም።

ዋጋው ቀላል አይደለም

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባላል። ልጆቻችን ክብሩን ብቻ እንዳያዩ ሌላ ሁለት ነገር እንጨምር። ሐምሌ 12 ቀን 1993 እ.ኤ.አ. ሞቃዲሾ ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ሄሊኮፕተሮች አንድ ቤት ደበደቡ። ጉዳቱን ሊያነሱ የሄዱ አራት የዜና ሰዎች በተቆጣ ሕዝብ እጅ ተገደሉ። ሁለቱ ኬንያውያን ነበሩ፤ ሆስ ማይናና አንቶኒ ማቻሪያ። ሌሎቹ ጀርመናዊው ሃንሲ ክራውስና ናይሮቢ ያደገው የ22 ዓመቱ ዳን ኤልደን ናቸው።

በዚያው ዓመት ደቡብ አፍሪካዊው ኬቪን ካርተር ዛሬ ደቡብ ሱዳን በሚባለው አገር፣ አዮድ በተባለ ቦታ፣ በረሃብ የወደቀ ሕፃንና ከኋላው የቆመ አሞራ አነሳ። ፎቶው በ1994 ፑሊትዘር የተባለውን ትልቅ ሽልማት አገኘ። ሰው ግን አንድ ጥያቄ አልለቀቀውም፦ «ካነሳህ በኋላ ለልጁ ምን አደረግህለት?» ካርተር በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ራሱን አጠፋ። ብዙ ሌላም ጭንቀት ነበረበት። ቢሆንም ያ ጥያቄ ካሜራ ለሚይዝ ሁሉ እስከ ዛሬ ይቀርባል።

ለወጣቶቻችን

ዛሬ ስልክ ሁሉ ካሜራ ሆኗል። መሐመድ በሳጥን ካሜራ ከጀመረው እናንተ በእጃችሁ ያለው ይበልጣል። ከእሱ ሕይወት የምንመክራችሁ ይህን ነው።

አንደኛ፣ ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ቋንቋ ተማሩ፤ ስዋሂሊ፣ እንግሊዝኛ፣ የጎረቤታችሁን ቋንቋም። ሁለተኛ፣ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ የሚለውን ሳትጽፉ ፎቶ አታስቀምጡ። ቀንና ስም የሌለው ፎቶ ከዓመት በኋላ ለማንም አይጠቅምም። ሦስተኛ፣ ዋናውን አትስጡ፤ ቅጂውን ስጡ፤ ሌላ ቅጂም በሌላ ቦታ አስቀምጡ። አራተኛ፣ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጋችሁ አታቀናብሩ። ሰው አንድ ጊዜ ከዋሻችሁት ሁለተኛ አያምናችሁም። አምስተኛ፣ ፖሊስ ጣቢያና የጥበቃ ቦታ ያለ ፈቃድ አታንሱ፤ የእኛ ወረቀት ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰርግና ልደቱንም አትናቁ። መሐመድም ቢሆን የኖረው በዜና ብቻ አልነበረም።

ለእናቶችና ለአባቶች

ፎቶ ሊያነሳችሁ የመጣ ሰው ሊጠይቃችሁ ይገባል፤ እናንተም ልትጠይቁት ትችላላችሁ። ማን ነህ? ለማን ነው? የት ይወጣል? ስሜን ትጽፋለህ ወይ? ከአገሩ ሸሽቶ የመጣ ሰው ፊቱ ዓለም ላይ ሲወጣ አገር ቤት የቀረ ዘመዱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ከጀርባ አንሳኝ፣ ስሜን ቀይር ማለት ይቻላል። «አልፈልግም» ማለትም ሙሉ መልስ ነው። ፎቶ አልነሳም በማለታችሁ ራሽናችሁም ሆነ ጉዳያችሁ ሊነካ አይገባም። «ተነሺ፣ አለበለዚያ» የሚል ካጋጠማችሁ ለብሎክ መሪያችሁና ለኮሚኒቲው ቢሮ ንገሩ። ልጆችንም ወላጅ ሳይፈቅድ ማንም አያንሳቸው።

ደግሞም ካሜራን ሁሉ አትሽሹ። በ1977 ኮረም ላይ ካሜራ ባይደርስ ኖሮ የሞቱት ቁጥር ከዚያም በበዛ ነበር። መነሳትም አለመነሳትም የእናንተ ይሁን ነው የምንለው። ስትፈቅዱ ቀና ብላችሁ ተነሱ፤ ስማችሁንም በትክክል አስጽፉ። የዛሬው ልጅ ነገ «ይህቺ እናቴ ናት» ብሎ በስሟ እንዲጠራት።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።